ያላነሳሁት ግቢ

ነገሩ የሆነው በ1990 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ነው። ያኔ ጎፋ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ዛሬ ፎቶ ቤቷም የለች፤ እኔም ሥራውን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሆኖም ሰው ከልቡ ሲመርቀኝ እስካሁን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል። ለምን እንደሆነ ለባለቤቴ እንኳን የነገርኳት በቅርቡ ነው። "ጻፈውና ይውጣልህ" ያለችኝም እሷ ናት።

ፎቶ ቤቴ አንድ ክፍል ነበረች። ከፊት ለፊት ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ከኋላ መጋረጃ ጋርጄ ጥቁርና ነጭ አጥባለሁ። የከለር ፊልም ግን የሚታጠበው ፒያሳ ነበር። እንጀራዬ ሠርግ ነው። ጥር ሲገባ ቅዳሜና እሑድ ለእኔ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም።

ጋሽ መርሻ የሰፈራችን ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ ፋብሪካ መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም ካፖርት የማይለያቸው ሰው ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖባቸዋል። ጭርሱን አልታወሩም፤ ቀይና ነጭ ይለያሉ፤ ሰው መቆሙን ያያሉ። ፊት ግን አይለዩም። ሰውን የሚያውቁት በድምፁ ነው። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ኅዳር ላይ አዳልጧቸው ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እግራቸው ላይ ክብደት ታስሮ ስለተንጠለጠለ መገላበጥ እንኳ አይችሉም ይባላል።

አንድ ዓርብ ቀን ጋሽ መርሻ በከዘራቸው ደፉን እየዳሰሱ ገቡ።

"ደረጀ፣ አለህ?"

"አለሁ ጋሽ መርሻ፤ ይግቡ።"

"ለሥራ ነው የመጣሁት። የአስካለን ግቢ ፎቶ እንድታነሳልኝ ነው።"

የነገሩኝ ይህን ነው። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ የእሳቸው ቤት ከሚነሡት ውስጥ ገብቷል። ምትክ ቤት ተሰጥቷቸዋል፤ ቄራ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል። እስከ ሐሙስ ልቀቁ ተብለዋል።

"ቤቱስ ቤት ነው" አሉ። "ግን ግቢ የለውም። ከደጁ ጀምሮ ሲሚንቶ ነው።"

"እትዬ አስካለ ያውቃሉ?"

"ነገርኳት እንጂ። ምን አለችኝ መሰለህ? 'ግድግዳውን እንደፈለጉ ያድርጉት፤ አትክልቶቼን ግን አንድ በአንድ ፎቶ አስነሥተህ አምጣልኝ፤ ሳልሰናበታቸው አይፍረስ' አለችኝ።"

ያንን ግቢ ጎፋ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ትልቅ ሆኖ አይደለም። አጥሩ ላይ የወጣው ቡገንቪላ ነጭ ነበር። የሌላው ሰው ሁሉ ሐምራዊ ሲሆን የእሳቸው ብቻ ነጭ። ከውስጥ ጽጌረዳው፣ ዳሊያው፣ ጤና አዳሙ፣ የጥብስ ቅጠሉ፣ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለው አበባ ሁሉ እንደ ገበያ ሰው ተደበላልቆ ተጋፍቶ ነው ያለው። መሀል ላይ ጋሽ መርሻ በእጃቸው የሠሯት አግዳሚ ወንበር አለች። ማታ ማታ ባልና ሚስት እዚያ ተቀምጠው ሲያወሩ በአጥሩ ቀዳዳ ይታዩ ነበር።

"እሑድ ጠዋት እመጣለሁ" አልኳቸው።

እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ሳር ቤት የሙሽሪት ቤት መገኘት ነበረብኝ። በጥድፊያ አዲስ ፊልም ካሜራው ውስጥ ከተትኩና ሥራ ጀመርኩ። ብርሃኑ ጥሩ ነበር፤ ቅጠሉ ላይ ጤዛው አልደረቀም።

ጋሽ መርሻ ከፊቴ ከፊቴ እየሄዱ ያሳዩኛል። የማያዩት ሰው እኔን የሚያየውን መሩኝ። እጃቸውን ዘርግተው ቅጠል ይዳስሱና "ይኼ አልፎ አልፎ ነው የሚያብበው፤ አበባ አለው አሁን?" ይሉኛል። "አለው" ስላቸው "እንግዲያው ቶሎ አንሳው" ይላሉ። አንዷን ጽጌረዳ ሲነኩ ሳቁ። "ይቺን ከእናቷ ቤት ቅርንጫፍ ቆርጣ ያመጣቻት እኛ የተጋባን ሰሞን ነው። እሾኳ እስከዛሬ እኔን እንጂ አስካለን ወግቶ አያውቅም።"

በመጨረሻ ራሳቸውም አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ። ጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ መታ መታ አድርገው "እሷ የምትቀመጠው እዚህ ነው፤ ቦታው እንዲታይ አድርገህ አንሳኝ" አሉኝ። አነሳኋቸው።

የካሜራው ቁጥር ሠላሳ ስድስት ላይ ደረሰ። ፊልሙን ወደ ቀፎው ለመመለስ መጠምጠም ስጀምር እጄ ላይ ቀለለኝ።

በዚያን ዘመን ካሜራ የያዘ ሰው ይህን ያውቃል። በትክክል የተነሳ ፊልም ሲጠመጠም እጅ ላይ ይከብዳል፤ ይጎትታል። የኔ ግን ባዶ ዞረ። የፊልሙ ጫፍ ጥርሱ ላይ አልያዘም ማለት ነው። እኔ ስጫን ቆየሁ፤ ካሜራው ቀጭ አለ፤ ቁጥሩ ቆጠረ፤ ፊልሙ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አንድም ፎቶ አልተነሳም።

"አለቀ?" አሉኝ ጋሽ መርሻ ከወንበሯ ሳይነሡ።

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል።

"አለቀ ጋሽ መርሻ።"

"ሁሉም ገባ? የቀረ የለም?"

"ሁሉም ገብቷል።"

እንዲህ ነው ያልኩት። ያን ጊዜ "ይቅርታ፣ ፊልሙ አልያዘም፤ እንደገና ላንሳው" ብል ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅብኝ። ሠርጉ ላይ ብዘገይ የሙሽሪት ወንድም ይቆጣ ይሆናል እንጂ ሌላ ምንም አይመጣም ነበር። ነገር ግን አፈርኩ። ሥራዬን የማላውቅ እንዳልመስላቸው ፈራሁ። በልቤ "ነገ ጠዋት ሹልክ ብዬ መጥቼ አነሳዋለሁ፤ እሳቸው እስከ ሐሙስ አሉ" አልኩ። ምክንያቱን ደግሞ አዘጋጅቼ ነበር፦ "ጥቂት ልጨምር ብዬ ነው" ልላቸው ነበር።

ሰኞ መልስ ነበር፤ አነሳሁ። ማክሰኞ ደከመኝና ተኛሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ።

አጥሩ አልነበረም። ሐሙስ ይመጣሉ የተባሉት ረቡዕ ጠዋት መጥተው ነበር። ዶዘሩ ሰንሰለቱ በጭቃ ሳይሆን በቅጠል አረንጓዴ ተለቅልቆ ጎረቤት ያለው ቤት አጠገብ ቆሟል። ግቢው የነበረበት ቦታ ቀይ አፈር ሆኗል። ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ ቆርቆሮው አንድ ላይ ተገፍቶ በመንገዱ ዳር ተከምሯል።

ጋሽ መርሻ ከዕቃቸው ጋር አስፋልቱ ዳር ተቀምጠዋል። የአልጋው ራስጌ፣ ፍራሹ፣ አንድ የልብስ ሣጥን። ጭነት መኪና እየጠበቁ ነው።

"ጋሽ መርሻ" አልኩ።

ፊታቸው በራ። በእውነት በራ። "ደረጀ ነህ? እንኳንም ያን ቀን አነሳህልኝ! እንኳንም! ይኸው ቀን እንኳ ሳይጠብቁ መጡ። ያ ፎቶ ባይኖር ዛሬ አስካለ ፊት በምን ዓይኔ እቀርብ ነበር?"

እዚያው ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። አልነገርኳቸውም። ፍራሹን መኪናው ላይ ሳወጣላቸው ብቻ ዋልኩ።

ፎቶ ቤቴ ገብቼ እሑድ ሠርጉ ቤት ስደርስ ከካሜራው አውጥቼ ያስቀመጥኩትን ፊልም አየሁት። የፊልሙ ጫፍ እንደገዛሁት ሆኖ ከቀፎው ወጥቶ ተቀምጧል። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና ጠዋት ላይ እስከዛሬ የሚያሳፍረኝን ሐሳብ አሰብኩ።

መካኒሳ ውስጥ የልጅ ልደት ያነሳሁበት አንድ የሀብታም ግቢ ነበር። ሰፊ ሳር፣ በመስመር የተተከለ ጽጌረዳ፣ ዳሊያ፣ ሁሉም ያለበት። ዓርብ ዕለት ሄጄ ዘበኛውን "ባለቤቶቹ አበባውን አንሳ ብለውኝ ነው" አልኩት። ያውቀኝ ስለነበር አስገባኝ። ያንኑ ፊልም፣ የእትዬ አስካለን ግቢ ሊይዝ ይገባው የነበረውን ፊልም፣ በጥንቃቄ አስገብቼ ጀመርኩ። ከሩቅ አንድም አላነሳሁም። ግቢው እንዳይታወቅ አበባ አበባውን፣ ቅጠል ቅጠሉን ብቻ ቀርቤ አነሳሁ። ነጭ ቡገንቪላ ፍለጋ ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ ስዞር ዋልኩ። አላገኘሁም።

ፎቶዎቹ ከፒያሳ ሲመጡ ያማሩ ነበሩ። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ ያማሩ።

ጋሽ መርሻ መጥተው ተቀበሉኝ። አንድ በአንድ እያነሱ ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ያያሉ።

"ይኼ ቀይ ነው። ጽጌረዳው ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ቢጫው ዳሊያ?"

"አዎ ጋሽ መርሻ።"

"ነጩ ቡገንቪላስ?"

መልሱ ከአፌ ሲወጣ ለራሴ ገረመኝ። "ነጭ ነገር ፀሐይ ሲያርፍበት ይነጣና አይወጣም። እሱ አልወጣም።"

"ወይኔ" አሉ። "ከሁሉም የምትወደው እሱን ነበር።" ቀጥለውም "እኔና ወንበሯስ?" አሉ።

"እሱም… ፀሐዩ ከጀርባዎ ስለነበር ጨለመ።"

"ግዴለም፤ እኔን ታውቀኛለች" ብለው ሳቁ። ሊከፍሉኝ ኪሳቸው ሲገቡ እጃቸውን ያዝኩ። አልቀበልም አልኩ። ደግ ለመሆን አልነበረም፤ መቀበሉን ስላልቻልኩ ነው። እሳቸው ግን ደግነት መሰላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። "እጅህ ይባረክ። የምትይዘው ሁሉ ይለምልምልህ። ስትታመም ጠያቂ አትጣ" ብለው መረቁኝ። አሜን ማለት ነበረብኝ። አሜን አልኩ።

ሚያዝያ ላይ እትዬ አስካለ ራሳቸው መጡ። በምርኩዝ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ከቄራ በታክሲ መጥተው፣ ከመንገዱ እስከ ፎቶ ቤቴ ድረስ ሦስት ጊዜ ቆመው አርፈው ነው የደረሱት። ለጉርድ ፎቶ የማስቀምጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡና ከነጠላቸው ሥር ፖስታ አወጡ። እኔ የሰጠሁት ፖስታ ነው።

"የማን ግቢ ነው?" አሉኝ።

"ምኑ እትዬ?"

አዩኝ። አልተቆጡም። ልክ ምጣድ ላይ ያለ ነገር እስኪበስል እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቁኝ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊልሙን፣ ሠርጉን፣ ማክሰኞ መተኛቴን፣ መካኒሳን።

"በመስመር ነው የተተከለው" አሉ ፎቶዎቹን እያገላበጡ። "እኔ አበባ በመስመር ተክዬ አላውቅም። ደግሞስ ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ያጠጣሁትን ላላውቀው ነው?"

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ለጋሽ መርሻ አልነገሯቸውም?"

"አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ አንድ በአንድ ያቀብለኛል። 'ይኼ ቀዩ ጽጌረዳሽ፣ ይኼ ዳሊያሽ' ይለኛል። ደስታውን ብታየው! እኔ የማየው የሰው አበባ ነው። ምን ልበለው? ቤቱ የፈረሰበት ሰው ነው። ያችን ይዞ ነው የቆመው። 'አዎ፤ ውይ፣ እንዴት አምሮ ወጥቷል' አልኩት። በማግሥቱ ምሳ ይዞ ሲመጣ 'እስቲ አውጪና እንያቸው' አለኝ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል በተኛሁበት ቀን ሁሉ አየናቸው።"

እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። "ዛሬውኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

"እንዳታደርገው!" አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። "ብትነግረው አንተ ይቀልልሃል። እሱስ? እኔ ሳውቅ ዝም እንዳልኩትም ያውቃል። ይኼን ሁሉ ቀን እንደ ሕፃን እንዳባበልኩት ያውቃል። አይሆንም። ማልልኝ።"

በገብርኤል ማልኩላቸው።

ሊሄዱ ሲነሡ "ይቅር ይበሉኝ እትዬ" አልኩ።

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡ። "ፎቶው አይደለም የቆጨኝ" አሉ። "ግቢውም ቢሆን የመንገድ ሆኗል። ማታ ማታ እኔና መርሻ የምናወራው ስለዚያ ግቢ ነበር፤ የቀረን እሱ ነው። አሁን ባነሳው ቁጥር ውሸት እየጨመርኩ ነው። ከእሱ ጋር የማወራውን ነው የወሰድክብኝ።"

ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝ፤ አልረገሙኝም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፋሲካ ጋሽ መርሻ ሰው ልከው "ሳይመጣ እንዳይቀር" አስባሉኝ። መቅረት አልቻልኩም። ቄራ ጀርባ ያለችው ቤታቸው ውስጥ የቀድሞ የፋብሪካ ባልደረቦቻቸው ተሰብስበዋል። የመካኒሳው ጽጌረዳ በመስታወት ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዘጠኝ ሆነው።

"ይኼ ነው ልጁ!" አሉ ጋሽ መርሻ ትከሻዬን ይዘው። "ዶዘር የበላውን ግቢ ያተረፈልን ይኼ ነው። አስካለ፣ እስቲ አንቺ አሳዪያቸው፤ እኔ አይታየኝም።"

እትዬ አስካለ ተነሥተው ግድግዳው ሥር ቆሙ። የሰውን አበባ በጣታቸው እያሳዩ የራሳቸውን ግቢ ተናገሩ። "እዚህ ጋ ጤና አዳሙ አለ፣ አይታይም እንጂ። ከዚያ ጀርባ በቆርቆሮ የተከልኳቸው ናቸው። ይቺን ጽጌረዳ ከእናቴ ቤት ነው ያመጣኋት፤ መርሻን ስትወጋው ነው የኖረችው…" እንግዶቹ ሳቁ። ጋሽ መርሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። ግቢው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብለው አዩኝ።

ነገሩ እዚያ የቆመ መስሎኝ ነበር።

ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። መስከረም ጠብቶ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ፎቶ ቤቴ በር ላይ ካፖርት የለበሱ ረጅም ሰውዬ ቆሙ። ከዘራ አልያዙም። ፊቴን ትኩር ብለው ተመለከቱኝ።

"ደረጀ ማለት አንተ ነህ?"

ጋሽ መርሻ ነበሩ። ነፃ የዓይን ሕክምና የሚሰጡ ሐኪሞች መጥተው ሞራውን ገፈውላቸዋል።

"ልጅ ነህ እኮ! በድምፅህ ትልቅ ሰው ነበር የምትመስለኝ" ብለው አቀፉኝ። ከዚያ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። "አንድ ነገር አስቸግርህ ብዬ ነው። እኔ ሐኪም ቤት እያለሁ ያ ጣራችን አፍስሶ ፎቶዎቹን በሙሉ አበላሽቷቸዋል። አስካለ እያለቀሰች ነገረችኝ። አንዱም አልተረፈ።"

ጣራው እንዳላፈሰሰ ወዲያው ገባኝ።

"ኔጌቲቩ ግን አንተ ጋ አለ አይደል?" አሉ። "እንደገና አትምልኝ። በደህናው ዓይኔ ግቢያችንን አንድ ጊዜ ልየው። ያኔ እኮ ሞራው ሲጀምረኝ ቀስ በቀስ ነው የጠፋብኝ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት አበባዋን አላየሁትም። 'ነጭ ቡገንቪላ ይዟል' ስትለኝ አዎ እላታለሁ እንጂ ለእኔ የሚታየኝ ነጭ ጭጋግ ብቻ ነበር።"

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አዲስ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። አሁን ልናገር አልኩ። ከዚያ ደግሞ መሐላዬን አሰብኩ። ይህን ስጽፍ ልዋሽ አልፈልግም፤ ያን ጊዜ መሐላው ተመቸኝ። ባልምልም ኖሮ የምናገር አይመስለኝም።

"ጋሽ መርሻ" አልኩ፣ "ኔጌቲቩ ጠፍቷል። ፎቶ ቤቱን ሳጸዳ ከአሮጌ ፊልም ጋር አብሮ ተጥሏል።"

መሬት መሬቱን እያዩ ብዙ ቆዩ። አንድ ደንበኛ ገብቶ "ቆይቼ ልምጣ" ብሎ ወጣ። ከዚያ ጋሽ መርሻ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲቆጡኝ ፈለግኩ።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። "አይዞህ ልጄ" አሉኝ። "የስንቱን ሰው ፊልም ትይዛለህ? ይኼማ ይጠፋል። ፊትህ እኮ ተለዋወጠ! በዚህ እንዳታዝን። ያን ጊዜ ባታደርስልን አስካለ እዚያ አልጋ ላይ በምን ትጽናና ነበር? እሷ አይታዋለች፤ ይበቃል።"

እኔን አጽናንተውኝ ሄዱ።

ጥቂት ዓመታት ቆይተው ጋሽ መርሻ አረፉ። ለቅሶ ስሄድ እትዬ አስካለ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ጎናቸው ተቀመጥኩ። ሰው ቀነስ ሲል ወደ እኔ ሳይዞሩ በለሆሳስ ጠየቁኝ።

"ነገርከው?"

"አልነገርኳቸውም።"

"እኔም።"

ቆይተው ደግሞ "ደግ ያደረግን መስሎኝ ነበር" አሉ። "ዓይኑ ሲበራ እነዚያን ሥዕሎች ከግድግዳ አውርጄ አቃጠልኳቸው። ባልነካቸውና አይቶ ቢቆጣኝ ምን ነበረበት? ቢያንስ ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ እውነቱን እያወራን እንኖር ነበር።"

እትዬ አስካለም ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ የማልኩላቸው ሰው የለም ብዬ ነው አሁን የጻፍኩት።

ዛሬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። በዚያ በጎፋው መንገድ በታክሲ ሳልፍ ግቢው የት ጋ እንደነበረ መለየት አልችልም። ያን እሑድ ሠርጋቸው የነበሩትን ሙሽሮች ስም እንኳ ረስቻለሁ፤ ለእነሱ ስል ነበር የቸኮልኩት። ፊልም አለመያዝ ማንም ላይ ይደርሳል። እሱን ለራሴ ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ። አፌን ከፍቼ "ተሳስቻለሁ" የምልበት ዕድል ግን አንዴ አይደለም የመጣልኝ፤ ግቢው ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ፎቶዎቹን ሳስረክብ፣ ዓይናቸው ከበራ በኋላም። ሁሉንም አሳለፍኳቸው።

ባለቤቴ "እሳቸው እኮ ይቅር ብለውሃል፤ አይዞህ ብለውህ የለም እንዴ?" ትለኛለች። ልታጽናናኝ ነው። ጋሽ መርሻ ግን ይቅር ያሉት ኔጌቲቭ የጣለ ዝርክርክ ልጅ ነው። እኔን አያውቁኝም ነበር። ሰድበውኝ ወይም መትተውኝ ቢሆን ኖሮ እስከዛሬ የረሳሁት ይመስለኛል። ያ ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጃቸው ነው አልነሣልኝ ያለው።